ሰማያዊ ካርድ የያዛችሁ አትድከሙ

ሰኞ 3

ከኢንሹራንሱ ደብዳቤ መጣ። ሞተረኛው አስፈረመኝና «መልካም ቀን» ብሎኝ ሄደ። ከመጪው ወር መጨረሻ በኋላ ከውል ሐኪሞቻቸው ተሰርዣለሁ። ምክንያቱ አንድ መስመር ናት፦ «የሕክምና አሰጣጥዎ ከአማካዩ ጋር የማይጣጣም ሆኖ በመገኘቱ።» አማካዩ! ማነው እሱ? የት ነው የሚኖረው? እስቲ አንድ ቀን ይምጣና እግሩን ልየው።

ለገዛ ደብተሬ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ግን ንዴቴ አልበርድ ስላለኝ ልጻፈው። የስኳር ሐኪም ነኝ። እኔ ክሊኒክ አንድ ሕግ አለ፦ ስኳር ያለበት ሰው ለጉንፋንም ይምጣ ለመድኃኒት፣ ጫማና ካልሲውን ያወልቃል። በርጩማዬን ስቤ እቀመጥና ጣት ከጣት እያለያየሁ አያለሁ። ስኳር የእግርን ስሜት ይወስዳል፤ ሰውየው ሚስማር ረግጦ ሳያውቀው ይውላል። እሱ ካልተሰማው፣ እኔም ካላየሁለት፣ ማን ሊያይለት ነው? ኢንሹራንሱ ይሄንን «ያልተጠየቀ ምርመራ» ይለዋል። ሁለቴ አስጠነቀቁኝ፣ ሁለቴም እምቢ አልኩ።

ከታካሚዎቼ ግማሹ የእነሱን ሰማያዊ ካርድ የያዙ ናቸው። አስተማሪዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ጡረታ የደረሱ ሰዎች። ስንት ዓመት ያየኋቸው እግሮች! ምሳ እንኳ አልወረደልኝም።

ረቡዕ 5

ደወልኩላቸው። ያነሳው ክራባቱ ነው። የሐኪሞች ውል ኃላፊውን እኔና ነርሴ ሲስተር እንዲያ ነው የምንጠራው። አንድ ጊዜ ክሊኒኬን ሊጎበኝ መጥቶ፣ አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ዘርግተውልኝ እያለ ገባ። በአንድ እጁ ክራባቱን ደረቱ ላይ ይዞ፣ በሌላው አፍንጫው ላይ መሐረብ አድርጎ ቆመ። ሽማግሌው አፈሩና እግራቸውን ሰበሰቡ። ያን ቀን የጠላሁትን እስከ ዛሬ አልወደድኩትም።

«ዶክተርዬ፣ እንዳይከፋዎ፤ ሥራ ነው» አለኝ።

«ጥፋቴ እግር ማየቴ ነው?»

«ማየትዎ አይደለም፤ የሁሉንም ማየትዎ ነው። የታመመውን ብቻ ቢያዩ ማን ይናገርዎታል?»

«ሳላይ መታመሙን በምን አውቃለሁ?»

ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማኛል። ከዚያ «አቤቱታ የማቅረብ መብትዎ የተጠበቀ ነው» ብሎ፣ ድምፁን ማር አድርጎ ተሰናበተኝ። ስልኩን ዘግቼ እጄን ታጠብኩ። በስልክ ያወራ ሰው እጁን ይታጠባል? እኔ ታጠብኩ።

ሐሙስ 6

ጋሽ ደወል መጡ። የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ደወሉን ለማንም አያምኑም፣ ራሳቸው ናቸው የሚደውሉት። ደወሉ ደግሞ ያለው ፎቅ ላይ ነው። በዚህ ዓመት መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ፤ የመጨረሻዋን ደወል በገዛ እጄ ደውዬ ነው የምወርደው ይላሉ።

እንደ እሳቸው ማስታወቂያ የሚያከብር ሰው አላየሁም። ግድግዳው ላይ «ስልክዎን ያጥፉ» የሚል አለን፤ ማንም አያነበውም። እሳቸው ግን ገና ከበሩ ነው የሚያጠፉት። ዛሬ አንዱ ወጣት ወንበር ላይ ተለጥጦ በስልክ ሲያወራ፣ «ተጽፏል እኮ ልጄ! ዓይን የለህም?» ብለው አስደነገጡት። ሲስተር ሳቋን መያዝ አቅቷት ጓዳ ገባች።

የግራ እግራቸውን ትንሿን ጣት አልወደድኳትም። አዲሱ ጫማ ልጧታል፤ ከሥሯ የምስር ፍሬ የምታህል ቁስል አለች፣ ጠርዟ ጠቆር ብሏል። አልተሰማቸውም። እንዴት ይሰማቸው! ቁስሏን አጠብኳት፣ ሲስተር በፋሻ አሰረቻት። አሮጌውን ጫማ እንዲያደርጉ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ይቺ ቀልድ አይደለችም። በየሐሙሱ እፈልግዎታለሁ።»

«ሐሙስ ከተባለ ሐሙስ ነው ዶክተር» አሉኝ፤ ካልሲያቸውን በሥርዓት እየሳቡ።

ስለ ደብዳቤው አልነገርኳቸውም። ለምን ልረብሻቸው።

አርብ 7

የሥራ ባልደረቦቼን ስልክ ሳሳድድ ዋልኩ። አብረን አንድ ደብዳቤ እንጻፍ፣ አብረን እንፈርም፣ አልኩ። አንዷ «ልጆች አሉኝ» አለችኝ። ልጆቿን ማን ነካ? አንዱ «በሐሳብ ካንቺ ጋር ነኝ» አለኝ። ሐሳቡን ምን ላድርገው!

ዶክተር ቀጣይ ግን ከሁሉም ባሰ። ሁለት መንገድ አልፎ ነው ክሊኒኩ፤ በሽተኛው ቁጭ ከማለቱ መድኃኒቱን ጽፎ «ቀጣይ!» ብሎ ስለሚጣራ ነው ስሙን ያወጣንለት። አብረን ነው የተማርነው። «አየሽ» አለኝ፣ «አንቺ ሥራ ታበዣለሽ። ሰው የመጣው ስኳሩ እንዲለካለት ነው፤ አንቺ ጫማ ታስወልቂዋለሽ። ሰውም ያፍራል፣ ሰልፉም ይረዝማል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሰማያዊ ካርዶቹን ወደ እኔ እንመራለን ብለውኛል። እንዳትቀየሚኝ ብዬ ነው ቀድሜ የነገርኩሽ» አለ።

እንዳልቀየመው! ጉድ እኮ ነው። ቀብሩ ገና፣ ውርሱን ተካፍለው ጨርሰዋል።

ማክሰኞ 11

ዛሬ ትንሽ ተነፈስኩ።

ጠዋት ከኢንሹራንሱ ሌላ ወረቀት መጣ፤ እስከ ውሉ ማብቂያ ድረስ «ለደንበኞቻችን በተለመደው ትሕትና» እንዳገለግል የሚያሳስብ። ትሕትና! እነሱ ናቸው ትሕትና የሚያስተምሩኝ! ደሜ ፈላ። አንድ ትልቅ ነጭ ወረቀት አወጣሁና በወፍራሙ ማርከር ጻፍኩ፦

«ሰማያዊ ካርድ የያዛችሁ አትድከሙ። ይህ ክሊኒክ ሰውን በአማካይ ከሚለካ ድርጅት ጋር ከዛሬ ጀምሮ አይሠራም።»

ራሴ የመስታወቱ በር ላይ ለጠፍኩት፣ ከውጭ እንዲነበብ፤ በየጠርዙም እንዳይነሳ አድርጌ በማጣበቂያ ጠረቅኩት። ወጥቼ መንገዱ ላይ ቆሜ አነበብኩት። «በአማካይ ከሚለካ» የምትለዋ አንጀቴን አራሰችኝ። ፋርማሲስቱ ከጎረቤት ብቅ ብሎ አነበበና «ዶክተር፣ ነገር ማብሰል ይችሉበታል» አለኝ። ሁለት መንገደኞችም ቆመው አንብበው ሳቁ።

የካርድ ክፍሏ ልጅ «ሰማያዊ ካርድ ይዞ የመጣ ሰው ቢጠይቀኝ ምን ልበል?» አለችኝ። «ማንበብ አይችልም?» አልኳት። ለክራባቱ ነው እኮ የጻፍኩት። ክራባቱ በዚህ መንገድ በየቀኑ ያልፋል።

ሲስተር አንብባ ምንም አላለችም። እሷ ዝም ካለች ደስ ብሏታል ማለት ነው፣ ወይም አልበላችም ይሆናል።

ሐሙስ 13

ሩጫ። የአንዲት ሴት ስኳር ወርዶ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ ሲስተር ባትኖር ጉድ ሆነን ነበር። ደህና ናት።

ጋሽ ደወል አልመጡም። ሐሙስ ከተባለ ሐሙስ ነው ያሉት ሰውዬ! ፈተና ይሆናል። ትምህርት ቤት ሲፈትን ሰዓት አያገኙም።

ሰኞ 17

ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ጠዋት አራት ሰው፤ ከሰዓት ያው። ድሮ በዚህ ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ጫማ ይዘው የሚቆሙ ነበሩ።

እስከ መጪው ወር መጨረሻ ውሉ አለ አይደል? ታዲያ ምን አስቸኮላቸው? ገና ሳልሞት ትተውኝ ሄዱ። ስንቱን ቁስል አጥቤ! ስንቱን በበዓል ቀን ከቤቴ ተጠርቼ! ሰው እንዲህ ነው እንዴ?

ማታ ፋርማሲ ገባሁ። ሁለት ሴቶች መደርደሪያው ሥር ያወራሉ፤ አላዩኝም። አንዷ፣ «እዛ አትሂጂ፣ እኛን አይፈልጉንም ተብሏል» አለች። ሌላዋ፣ «እሷ እንኳ! እግሬን በእጇ ይዛ ስታይልኝ የነበረችዋ?» አለች። ክው አልኩ። ክራባቱ ወሬውን በየፋርማሲው እየነዛ ነው ማለት ነው! ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ርካሽ ሰው ይኖራል? ዕቃዬን ሳልገዛ ወጣሁ።

ሲስተር ልትሄድ ስትል በሩ ጋ ቆም ብላ፣ «ዶክተር፣ ይሄ ማስታወቂያ...» አለች።

«ምን ሆነ? ተቀደደ?»

«አይ፣ አልተቀደደም።»

«በቃ ተይው።»

ሐሙስ 20

ዛሬም አልመጡም። ሲስተር «ልደውልላቸው?» አለች። ጥርሴን ነክሼ፣ «እኛ ታካሚ አንለምንም» አልኳት። ሁለት ዓመት ሙሉ በርጩማ ላይ ዝቅ ብዬ ጫማቸውን የፈታሁላቸው ሰውዬ፣ ዶክተር ቀጣይ ዘንድ ተሰልፈው ይሆናል። ይመቻቸው።

ይቺ ጣት ግን። የጠርዟ ቀለም ዓይኔ ላይ አለ። ዶክተር ቀጣይ ያያታል። ሐኪም አይደል? መቼም ጠርዟ የጠቆረ ቁስል ፊቱ ቢቀርብለት ያያል።

ፊቱ ከቀረበለት።

እሁድ 23

ታላቅ እህቴ መጣች። ገና መኪናዋን ስታቆም ነው ነገሩን የጀመረችው፤ በክሊኒኩ በኩል አልፋ ማስታወቂያውን አንብባለች።

«አንቺ ልጅ፣ አሁንም ትለጥፊያለሽ እንዴ?»

«ምን እለጥፋለሁ?»

«ስንጣላ የመኝታ ቤቱ በር ላይ የምትለጥፊው ነገር ትዝ አይልሽም? ‘መግባት ክልክል ነው።’ ክፍሉ እኮ የሁለታችንም ነበር! እኔን ለማናደድ ብለሽ፣ ምንም ያላጠፋች ትንሿ እህታችን ስታነበው ኮሪደር ላይ እያለቀሰች ትተኛ ነበር።»

ሳቅሁ። እውነት ነው፣ ልጅቷ ታለቅስ ነበር። ፊደል ገና መቁጠሯ ስለነበር የተጻፈ ሁሉ ለእሷ የተጻፈ ይመስላት ነበር።

«ይሄ ሌላ ነው» አልኳት። «ይሄ ለድርጅቱ ነው።»

«ድርጅቱ በእግሩ መጥቶ ያነባል?»

እህቴ ሁልጊዜ እንዲህ ናት፤ ነገር ትሰነጥቃለች። አስቀየመችኝ። ምሳ አብረን በላን፣ ግን ብዙም አላወራንም። ስትሄድ ጉንጬን ስማ፣ «አንሺው» ብላኝ ሄደች። ለማንም ብዬ አላነሳም። ካነሳሁት ክራባቱ ያሸነፈ አይመስለውም?

ረቡዕ 26

ክራባቱ ራሱ ደወለ። ደንበኞቻቸው አቤቱታ አቅርበዋል፤ እኔ አላስተናግድም ብያለሁ።

«ማንን ነው የመለስኩት? ስሙን ጥራ!» አልኩት።

«ብዙዎች ናቸው ዶክተር።»

«አንድ ሰው አልመለስኩም! አንድ! ከፈለግህ ነርሴን ጠይቅ። እናንተ ናችሁ ሰው እንዳይመጣ ወሬ የምትነዙት።»

እውነቴን ነው። ከዚህ ክፍል ማንንም «ውጣ» ብዬ አላውቅም። እንዲህ ዓይን ያወጣ ውሸት ሰምቼ አላውቅም። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። የካርድ ክፍሏ ልጅ በመስኮቷ ታየኛለች፤ ዞር ስል ዓይኗን ሰበረች። እሷ ደግሞ ምን ሆናለች?

ሰኞ 1፣ አዲስ ወር

ጉድ ፈላ። ውሉ ከዛሬ ጀምሮ ፈርሷል፤ የወሩን መጨረሻ አይጠብቁም። ምክንያት፦ «ውሉ ጸንቶ ባለበት ጊዜ ደንበኞችን በጽሑፍ ከአገልግሎት ማገድ።» ከደብዳቤው ጋር የማስታወቂያዬን ፎቶ አያይዘዋል። መስታወቱ ላይ የአንሺው ጥላ ይታያል፣ ክራባት ያለው ጥላ።

«ከዛሬ ጀምሮ» ብያለሁ ለካ። ስጽፈው ይሄ መቼ ታየኝ! ያን ቀን ያየሁት «በአማካይ» የምትለዋን ብቻ ነበር።

እሺ፣ እኔ ቃል ሳትኩ እንበል። ግን አዕምሮ ያለው ሰው ይሄንን እንደ ቁጣ ያነበዋል እንጂ እንደ እገዳ ያነበዋል? ማንም በሽተኛ ከእኔ ጋር ስንት ዓመት ኖሮ፣ እኔን እያወቀ፣ በወረቀት ይመለሳል?

ሲስተር ማስታወቂያውን ልታነሳው ወንበር አቀረበች። «ተይው» አልኳት። «አሁንማ እውነት ሆኗል።» እንዴት እንዳየችኝ! በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

ሐሙስ 4

አራተኛው ሐሙስ መሆኑ ነው ካልመጡ። ሲስተርን ቀድሜ በራሴ ስልክ ደወልኩላቸው። ስልካቸው ጥሪ አይቀበልም። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው።

የካርድ ክፍሏ ልጅ በሬ ላይ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«ዶክተር፣ ጋሽ ደወልን ነው? እሳቸው እኮ መጥተው ነበር።»

«መቼ?»

«በለጠፍነው ሳምንት፣ ሐሙስ። ሴትዮዋ የወደቀች ቀን። መስታወቱ ጋ ቆመው አነበቡ። መነጽራቸውን አውጥተው ደግመው አነበቡት። ከዚያ ስልካቸውን መልሰው ከፈቱና ሄዱ።»

«ለምን አልጠራሻቸውም?»

«ማንበብ አይችልም? ብለውኝ የለ» አለች። ተናዳ አይደለም፤ እንደማስታወስ ብላ ነው ያለችው።

ወደ ትምህርት ቤቱ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ጸሐፊ፣ «ጋሼ ሆስፒታል ተኝተዋል» አለችኝ። ከጀርባዋ ደወሉ ሲደወል ሰማሁት፤ ዘበኛው ነው አሁን የሚደውለው አለችኝ። ዘበኛው አይችልበትም፤ አንዴ ረዝሞ፣ አንዴ አጥሮ ነው የሚጮኸው።

አርብ 5

የተቆረጠው ከጉልበት በታች ነው። ግራው።

ስልካቸው የተዘጋው የተኙበት ክፍል ግድግዳ ላይ «ስልክ ያጥፉ» የሚል ጽሑፍ ስላለ ነው። ከስድስቱ አልጋ ያጠፉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ጎረቤታቸው በጩኸት ያወራል።

ገና ሲያዩኝ ሊነሱ ሞከሩ። «ዶክተር! በምን አገኙኝ? ለምን ደከሙ?» አሉኝ። አንሶላው በአንድ በኩል ተኝቷል። ያንን ላለማየት ፊታቸውን ሳይ፣ እሳቸው ደግሞ እኔ እንዳላይ አንሶላውን ይከምራሉ።

«ሐሙስ አልቀረሁም» አሉ ቀድመው። «እንደ ቀረሁ እንዳይቆጥሩብኝ። መጥቼ ነበር፤ ተጽፎ አየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ማስታወቂያ ስለጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ተጽፎ እያየሁ በር ብገፋ ራሴን ምን እለዋለሁ?»

«ለእርስዎ አልነበረም ጋሼ።»

«ሰማያዊ ካርድ ነው እኮ የያዝኩት» አሉኝ።

«ታዲያ ወዴት ሄዱ?» አልኳቸው።

ዶክተር ቀጣይ ዘንድ ሄደዋል። ኢንሹራንሱ ነው የመራቸው። «ጫማ ላውልቅ? ብዬው ነበር» አሉ። «አያስፈልግም አለኝ፤ ስኳሬን ለካና ቀጣይ አለ። እኔም ደህና ሆኛለሁ ማለት ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። አያመኝም፣ ምን ላድርግ? በኋላ ክፍል ውስጥ አንዱ ተማሪ፣ ጋሼ የሆነ ነገር ይሸታል አለ። ተቆጣሁት። ተማሪውን ተቆጣሁት እኮ!»

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዶክተር፣ አስቀይሜዎት ነበር እንዴ? የተናገርኩት ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ነበር» አሉኝ።

ሽንት ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ ቆምኩ። ስወጣ «ቶሎ ይሻልዎታል» አልኳቸው፤ እንደ ማንም ጠያቂ።

ከሆስፒታሉ በቀጥታ ክሊኒኩ ሄጄ ማስታወቂያውን ቀደድኩት። ወረቀቱ መሃሉ ብቻ ተነሳ። ጠርዙ ሁሉ መስታወቱ ላይ ቀረ።

ማክሰኞ 9

ሠራሁ። በላሁ። ተኛሁ። እህቴ ደወለች፣ አላነሳሁም።

ሰኞ 15

ክራባቱ በእግሩ መጣ። አስተማሪዎቹ ጮኸዋል፤ በአንድ ድምፅ ሰማያዊ ካርዱን እንመልሳለን ብለዋል፣ «ጋሼን እግር የሚያይ ሐኪም ከልክላችሁ ነው እግራቸው የተቆረጠው» ብለው። ድርጅቱ ደንግጧል።

ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ድርጅቱ አዝኗል» አለ። «ይሁን እንጂ ዶክተር፣ ጉዳዩ የእርስዎን አቋም አጠናክሮታል።»

ጉዳዩ! የሰው እግር ነው ጉዳዩ።

ውሉን ሊመልሱልኝ ነው። እግር ማየትም ከእንግዲህ በውሉ ይካተታል፤ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ሐኪም። የታገልኩለት ሁሉ ተሰጠኝ።

«የቀዶ ሕክምናውንስ?» አልኩት። «ያልተጠየቀ አላላችሁትም?»

«ኧረ በፍጹም!» አለ፤ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «እሱ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው። በአንድ ቀን ነው ያጸደቅነው፤ ምንም ጥያቄ አላነሳንም።»

ማየቱን ሁለት ዓመት ተከራከሩኝ። መቁረጡን በአንድ ቀን። እዚያው ፊቱ ላይ ልተፋ ምንም አልቀረኝም።

ሊነሳ ሲል ወደ በሩ ዞር ብሎ መስታወቱን አየ። «ያቺን ፎቶ ደግሞ ከፋይሉ እናወጣታለን» አለ ቀስ ብሎ። «ለሁላችንም ጥሩ ነው፤ እኛ ደንበኞቻችን ይመለሱልናል፣ የእርስዎም ስም አይነሳም። አስተማሪዎቹ ስለ ማስታወቂያው አያውቁም፤ ሽማግሌውም ለማንም አልተናገሩም።»

«አመሰግናለሁ» አልኩት።

ከአፌ ወጣ። እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ረቡዕ 17

ፈረምኩ።

ዶክተር ቀጣይ ደወለ። «እሰይ! ጀግና! የሁላችንም ድል ነው!» እሱም ከእንግዲህ ጫማ ያስወልቃል፤ በርጩማ የት እንደምገዛ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

ፋርማሲስቱ፣ እህቴ፣ ልጆች ያሏት ባልደረባዬ፣ ሁሉም እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። ሲስተር አላለችም። ስገባ ስወጣ በምላጭ መስታወቱን ትፍቃለች። ወረቀቱ ለቋል፤ ማጣበቂያው ግን እንደ ጭጋግ ሆኖ ቀረ። «እኔ ልፋቀው» አልኳት። ምላጩን ሰጠችኝና ሄደች። እስኪመሽ ብፍቅም አልለቀቀም።

ለአስተማሪዎቹ ልነግራቸው ይገባል። በዚህ ሳምንት ሥራ በዝቷል።

ሐሙስ 9

እንደገና ሌላ ወር። ስንት ቀን ሳልጽፍ ከረምኩ።

ኮሪደሩ ሞልቷል፤ ሰማያዊ ካርዶቹ ተመልሰዋል። ማንም ምንም አላለኝም። እኔም አላልኩም።

ከሰዓት ሲስተር ወደ ክፍሌ ሮጣ ገብታ እጄን ይዛ አወጣችኝ። ጋሽ ደወል ከመስታወቱ ውጭ ቆመዋል፤ በሁለት ክራንች። ስንት ደቂቃ እንደቆሙ እንጃ። መነጽራቸውን አድርገው የማጣበቂያውን ምልክት ያያሉ፣ ከሥሩ የተጻፈ ነገር እንዳለ ለማንበብ። ስልካቸው በእጃቸው ነው፤ አጥፍተውታል።

በሩን ከፈትኩ።

«መግባት ተፈቀደ ዶክተር?» አሉኝ።

እውነት እየጠየቁ ነው። ፌዝ አያውቁም።

አስገባኋቸው። ሲስተር ክራንቹን ተቀበለቻቸው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ላብ አጥምቋቸዋል። ጡረታ ወጥተዋል፤ የመጨረሻዋን ደወል ዘበኛው ነው የደወላት። «ፎቁን ማን ይወጣዋል?» አሉ፣ ከዚያ ወሬ ለመለወጥ ያህል፣ «ሐሙስ መሆኑን አየሁና መጣሁ። የቀረችዋን ይዩልኝ ብዬ» አሉኝ።

በርጩማዬን ሳብኩና ተቀመጥኩ። የቀኝ ጫማቸውን ክር ፈታሁ። ካልሲ የለም። በዚህ ሁሉ መንገድ፣ ያለ ካልሲ፣ በቆዳ ጫማ፣ ባለቻቸው አንድ እግር! ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቱን በጩኸት አናውጠው ነበር።

«ጋሼ፣ ካልሲውስ?» አልኩ።

«እንዳይደክሙ ብዬ ነው» አሉኝ።

ጣት ከጣት እያለያየሁ አየሁ። ከተረከዙ በላይ ቆዳው ቀልቷል፣ ገና አልተላጠም። ቀና ብዬ ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ ስለ ካልሲውም፣ ስለ ማስታወቂያውም። እግራቸውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቆየሁ።